ፍየሉ የሚሸጠው ሲደርስ ነው ወይስ ብር ሲቸግር?

ሞጆና ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ለዓመታት የሚያሰሙት አንድ አቤቱታ አለ፤ የሚታረድ ፍየልና በግ በበቂ ስለማናገኝ ከአቅማችን በታች ነው የምንሠራው ይላሉ። ቆላ ወርዶ ፍየል አርቢ ያነጋገረ ሰው ደግሞ የሚሰማው ተቃራኒውን ነው፤ «ገበያ የለም፤ ቢኖርም ዋጋ የለውም»። በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ግምት አገሪቱ ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል አለ። ይህ ሁሉ እያለ ገዢው ፍየል አጣሁ፣ ሻጩ ገዢ አጣሁ የሚለው እንዴት ነው?

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቄራው የሚፈልገው ወጣት፣ ያልተኮላሸ፣ ብዙ ስብ ያልያዘ ወንድ ፍየል ነው፤ ያንንም በብዛትና በየሳምንቱ ሳይቋረጥ። አርቢው ቤት ያለው ግን ሦስት እናት ፍየል፣ አንድ ወጠጤና ሁለት ግልገል ነው። ወጠጤውም የሚሸጠው ሲደርስ ሳይሆን ቤቱን ብር ሲቸግረው ነው። ስለ ፍየል ልማት ሲወራ ዝርያ፣ መኖ፣ ክትባት፣ የገበያ ትስስር ይባላል፤ አንዱም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ፍየሉ ገበያ የሚወጣበትን ቀን የሚቆርጠው ችግር እስከሆነ ድረስ፣ የተሻለው ፍየልም በከፋው ቀን መሸጡ አይቀርም።

ጉረኖ ውስጥ ያለ ገንዘብ

በሬ ለእርሻ፣ ላም ለወተት ነው የሚያዙት። ፍየል ግን በደሃ ቤት ከሁሉ በፊት የባንክ ደብተር ናት። የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም መስከረም ላይ ይመጣል። የማዳበሪያና የዘር ክፍያ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይመጣል። ሕመም ቀጠሮ የለውም። ላም ለዚህ አትሸጥም፤ ትልቅ ናት፣ ከተሸጠች አትመለስም። ዶሮ ደግሞ አይበቃም። መሐሉ ላይ ያለችው ፍየል ናት፤ ቶሎ ትወልዳለች፣ በድርቅም ቅጠል ለቅማ ታድራለች፣ በአንድ የገበያ ቀን ወደ ብር ትለወጣለች። ብዙ ቦታ ደግሞ ሴቶች በራሳቸው ስም ሊይዙት የሚችሉት ከብት እሷ ናት።

የዚህ ጠባይ ጣጣው ገበያ ላይ ይታያል። የማዳበሪያ ክፍያ ሲደርስ የአንድ ቀበሌ ሰው በሙሉ በአንድ ሳምንት ፍየሉን እየነዳ ይወርዳል። ነጋዴው ይህን ያውቃል። ሦስትና አራት ሰዓት በእግር የተነዳ ፍየል ተመልሶ እንደማይሄድም ያውቃል፤ ስለዚህ ረፋዱን እየተዘዋወረ ያያል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ይተዋል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሶ መጥቶ ከጠዋቱ ባነሰ ይገዛል። ይህን ማድረጉ ክፋት አይደለም፤ እሱም የመኪና ጭነት መሙላት አለበት። ለበዓል ዋጋው ሲወጣ ግን አርቢው ቤት የሚሸጥ የለም። ሐምሌ ላይ የሸጠው ፍየል መስከረም ላይ ምን እንዳወጣ የሚሰማው ከሌላ ሰው ነው።

ፕሮጀክቶች አብዛኛውን ጊዜ ዝርያ በማሻሻል ይጀምራሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ትልቅ ጆሮ ያለው ግዙፍ አውራ ፍየል ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግልገል አለመሞቱ ግን ፎቶ አይነሣም። ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ይመስለኛል።

መጀመሪያ አለመሞት

ቀላል ስሌት እንሥራ። እንበል አንዲት አርቢ አምስት እናት ፍየሎች አሏት። ፍየል የምታረግዘው አምስት ወር ገደማ ነው፤ ደህና ከተያዘች በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ትወልዳለች። ከሦስት ወሊድ አንዱ መንታ ቢሆን፣ አምስቱ በሁለት ዓመት ሃያ ግልገል ይሰጣሉ፤ በዓመት አሥር ማለት ነው። ከአሥሩ ሦስቱ ጡት ሳይጥሉ ቢሞቱ ሰባት ይቀራል፤ ይህ በብዙ መንደር የተለመደ ነገር ነው። ሟቹን ከሦስት ወደ አንድ ማውረድ በዓመት ሁለት ሙሉ ፍየል ይጨምራል። በአንጻሩ አራት ፍየል የምትሸጥ ሴት የእያንዳንዱን ክብደት በመቶ አሥር ብታሳድግ፣ ጭማሪው ሲደመር የአንድ ፍየል ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሌላው ሥራ ሁሉ ግልገሉ ከዳነ በኋላ ቢመጣ የምለው ለዚህ ነው።

ግልገል ለማዳን የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። እንገሩን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጥባት አለበት፤ ዘግይቶ የጠባው ግልገል አንጀቱ ከእንገሩ የሚገኘውን መከላከያ መቀበሉን ያቆማል። «እንገር ያስቀምጠዋል» ብሎ አልቦ መድፋት በአንዳንድ ቦታ አሁንም አለ፤ ግልገሉን የሚጎዳ ልማድ ነው። እትብቱን አዮዲን መቀባት፣ ጉረኖውን ደረቅ ማድረግ፣ ግልገሎቹን ከትልልቆቹ ለይቶ ማሳደር ይከተላሉ። ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ርብራብ የሠራ አርቢ ሁለት ነገር ያተርፋል፤ በጠጡ ወደ ታች ይወርድና ለማሳ ፍግ ይጠራቀማል፣ ፍየሎቹም እርጥብ ላይ አይተኙም። ክረምት ላይ ግልገል የሚጨርሰው ሳምባ ምች ብዙውን ጊዜ ከእርጥብ ወለል ጋር ነው የሚመጣው። የሆድ ትል መድኃኒት ደግሞ ዝናብ ሊገባ ሲልና ክረምቱ እንደወጣ ነው የሚሰጠው። ከገበያ የተገዛች አንድ ኪኒን ለሦስት ፍየል ማካፈል ትሉን አይገድልም፤ መድኃኒቱን ለምዶ የሚኖር ትል ነው የሚያፈራው።

ከዚያ ክትባት። ትልቁ ጠላት ፒፒአር የሚባለው፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1942 በአይቮሪ ኮስት ነው። አፍንጫና ዓይን ያዝረበርባል፣ አፍ ያቆስላል፣ ያስቀምጣል፤ ክትባት አግኝቶ በማያውቅ መንጋ ውስጥ ከገባ ከግማሽ በላዩን ሊጨርስ ይችላል። ክትባቱ ግን ጥሩ ነው፤ አንዴ የተወጋ ፍየል ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይጠበቃል። የሚመረተውም እዚሁ ቢሾፍቱ ነው፤ የመላው አፍሪካን የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም በዚያው ከተማ ነው የሚገኘው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በሽታውን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከምድር ለማጥፋት አልመዋል።

ችግሩ ከቢሾፍቱ እስከ ቀበሌው ያለው መንገድ ነው። ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ወረዳው ፍሪጅ ይኖረዋል፣ መብራት ግን ይጠፋል፣ ሞተር ሳይክል ይኖራል፣ ቤንዚን ግን የለም። ለዚህ መፍትሔው ከዚሁ አገር ታሪክ ይገኛል። ደስታ (ሪንደርፔስት) የሚባለው የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ከመጨረሻዎቹ አስቸጋሪ ቦታዎች አንዱ አፋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ እዚያ የተሠራው ሥራ፣ ሙቀት የሚችል ክትባት አዘጋጅቶ ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል ለሠለጠኑ ሰዎች መስጠት ነበር። የመንግሥት መኪና የማይገባበት ቦታ እነሱ በእግር ገቡ። በህንድ ቢሃር ግዛት ደግሞ «ፓሹ ሳኪ» የሚባሉ የመንደር ሴቶች ሠልጥነው፣ ከጎረቤት አነስተኛ ክፍያ እየተቀበሉ ፍየል ይከትባሉ፣ የትል መድኃኒት ይሰጣሉ። ቁም ነገሩ ክፍያው ላይ ነው። በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ ጥቂት ብር የምታገኝበት ሴት ግን በማግስቱም ትመጣለች።

በዓልን ወደ ኋላ መቁጠር

አሁን ግልገሉ ዳነ እንበል። መቼ ነው የሚሸጠው? ብዙ አርቢ የሚዘነጋው ጥያቄ መቼ ይወለድ የሚለው ነው፤ የሚሸጥበትን ቀን በአብዛኛው የሚወስነው የተወለደበት ወር ስለሆነ።

የክርስቲያን አካባቢን ገበያ እንይ። በሁዳዴ 55 ቀን ሉካንዳው ይዘጋል፤ ዋጋው ይወርዳል። የፋሲካ ዋዜማ ይወጣል። ፋሲካ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ ይውላል፤ የማዳበሪያ ክፍያ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ነው። ይህ ማለት ለማዳበሪያ መሸጡ የማይቀር ፍየል ፋሲካ ዋዜማ ላይ ወጥቶ ብሩ ለጥቂት ሳምንት ቢቀመጥ፣ ያው ፍየል የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ብሩን ሳይበሉ ማስቀመጡ ነው ፈተናው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ለፋሲካ የዐሥር ወር ወጠጤ ማድረስ የፈለገ ሰው ግልገሉ ሰኔ ላይ እንዲወለድለት እናቲቱን ጥር ላይ ማስጠቃት (ከአውራ ጋር ማገናኘት) አለበት። ጥቅሙ እናቲቱ ስትወልድ ለምለም ስለምታገኝ ወተት አይጎድላትም። ጉዳቱ ግልገሉ የመጀመሪያ ሁለት ወሩን በጭቃና በብርድ ማሳለፉ ነው፤ ደረቅ ጉረኖ የሌለው ሰው ይህን አይሞክር። ሌላው መንገድ ሚያዝያ ላይ አስጠቅቶ መስከረም ላይ ማስወለድ ነው። ግልገሉ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ቅጠሉም ሣሩም ሳይደርቅ ይመጣል፤ ለቀጣዩ እንቁጣጣሽና መስቀል ዓመት ሊሞላው ሲል ይደርሳል። ግን ሚያዝያ ላይ እናቶቹን በጋው ስለሚያከሳቸው ብዙዎቹ አይይዙም። ከመጠቃታቸው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ፉርሽካ፣ የግራር ፍሬ ወይም የሳስፓኒያ ቅጠል ቢጨመርላቸው የመያዙም የመንታውም ዕድል ያድጋል። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ይህ ሁሉ ወር ይዛወራል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

አረፋ ለብቻው ይታሰብ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ አንዴ ያወጡት ዕቅድ በየዓመቱ አይሠራም። በእነዚህ ዓመታት በግንቦት በኩል ወደ ሚያዝያ እየተጠጋ ነው፤ የፋሲካና የአረፋ ፍላጎት በጥቂት ሳምንት ልዩነት የሚመጣበት ዘመን ላይ ነን ማለት ነው። ወሎና ሐረርጌ ላለ አርቢ ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም።

የሚጠቁበትን ወር መቆጣጠር እንዴት ይቻላል ለሚለው፣ ችግሩ የጋራ ግጦሽ ነው። የእኔን አውራ ባስር የጎረቤቴ አለ። አንዳንድ አርብቶ አደሮች አውራው ሆድ ላይ የቆዳ ሽርጥ ያስራሉ፤ ርካሽና የሚሠራ ዘዴ ነው። ግን መንደሩ ካልተስማማ አንድ ያልታሰረ ወጠጤ ዕቅዱን ሁሉ ያበላሻል።

የመኖን ነገር በአጭሩ፦ ፍየል ከሣር ይልቅ ቅጠል የምትወድ በመሆኗ ለእሷ የሚሆን መኖ በአጥር ዳር ሊበቅል ይችላል። ሳስፓኒያ፣ ሉሲኒያ፣ የርግብ አተር የማሳ ጥግ ላይ ተተክለው እየታጨዱ ሊሰጡ ይችላሉ። ለመሸጥ የታሰበ ፍየል የመጨረሻውን ሦስት ወር ጉረኖ ውስጥ ታስሮ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ አተላ ቢያገኝ፣ በቀን 50 ግራም ብቻ ቢጨምር እንኳ አራት ኪሎ ተኩል ነው። ይህ ኪሎ በብር ይከፈላል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

የዝርያ ነገር

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከአለማያና ከአዋሳ የግብርና ትምህርት ተቋማት ጋር ሆኖ አንግሎ ኑቢያን የተባለውን የወተት ፍየል ከአገሩ ፍየል ጋር ማዳቀል ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ገደማ ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ይሠራ በነበረ ፕሮግራም ቦር የሚባለው የሥጋ ፍየል ገባ። ቦር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተሟላ መኖ ያደገ ትልቅ ዝርያ ነው። ክልሱ ደህና ሲበላ በእርግጥ ይፋፋል። ግን ድርቅ ሲመጣ ትልቁ አካል ብዙ ይጠይቃል። በምሥራቅ ሐረርጌ ክልሶቹና የአገሩ ፍየሎች በአርቢው ቤት ሲነጻጸሩ፣ ወተቱ፣ ሥጋው፣ ፍጉ፣ የሚበሉትና የሚፈልጉት ጉልበት ሁሉ ሲታሰብ ክልሶቹ የተባለላቸውን ያህል ብልጫ አላሳዩም። ወተት በየቀኑ የሚሸጥባት ከተማ አጠገብ ላለ ሰው ሊያዋጡ ይችላሉ። ድርቅ ለሚበዛባቸው ለቦረናና ለአበርገሌ ግን አልመክርም።

ከዚህ የባሰው፣ ገበያው ራሱ ሳይታወቅ ዝርያውን ወደ ኋላ ይመርጣል። ነጋዴ ቀድሞ የሚገዛው በቶሎ ያደገውን ወጠጤ ነው። መንደሩ ውስጥ ሳይሸጥ ቀርቶ እናቶቹን የሚያጠቃው ማን ነው? ቀንጫራው። እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት ሲቀጥል ፍየሉ ለምን እንዳነሰ ማንም አይጠይቅም። አውራው የራሱን ልጅና እኅት ማጥቃቱ ደግሞ ይጨመርበታል።

ይህን ለማቆም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት የምርምር ተቋማት ቪየና ከሚገኘው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ (ቦኩ) ባለሙያዎችና ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር አንድ ዘዴ ሞከሩ። መጀመሪያ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች፣ ኋላም በአበርገሌና በኮንሶ ፍየሎች ላይ ሠሩበት። ምንም የውጭ ዝርያ አይመጣም። አርቢዎቹ ማኅበር ይሆናሉ፤ ግልገል ሲወለድ፣ በሦስት ወሩና በስድስት ወሩ ይመዘናል፣ በመዝገብ ይጻፋል። ወንዶቹ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ አርቢዎቹ የመረጧቸው ዳኞች መዝገቡንም ቁመናውንም አይተው ጥቂቶቹን ያስቀራሉ። የተመረጠውን ማኅበሩ በጋራ ፈንዱ ከባለቤቱ በገበያ ዋጋ ይገዛዋል። በማኅበሩ ውስጥ ባለ አንድ የአርቢዎች ቡድን ለአንድ ለሁለት ዓመት አገልግሎ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል፤ በመጨረሻ ተኮላሽቶ ሙክት ሆኖ ይሸጣል፣ ብሩ ወደ ፈንዱ ይመለሳል። የቀሩት ወንዶች ይሸጣሉ ወይ ይኮላሻሉ። ዘዴው የሠራው ባለቤቱ ደህናውን ወጠጤ ስላልሸጠ የሚያጣውን ብር የሚከፍለው ማኅበር ስላለ ነው። «ጥሩ ጥሩውን አትሽጡ» ብሎ መምከር ብቻውን የተቸገረን ሰው አያስቆመውም።

ዓይን፣ ሚዛን፣ ደላላ

ፍየል ገበያ ላይ የሚሸጠው በዓይን ግምት ነው። ነጋዴው ወገቡን ጨብጦ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ከፍ አድርጎ በእጁ መዝኖ ዋጋ ይጠራል። በሶማሌ ክልል ገበያዎች ደላሎቹ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ነው የሚዋዋሉት፤ የቆመ ተመልካች ስንት እንደተባለ አያውቅም። በቀን ሃምሳ ፍየል የሚጨብጥ እጅና በዓመት ሦስት የሚሸጥ ዓይን እኩል አይገምቱም። ሦስት ወር ፋጉሎ ያበላ ሰው የጨመረውን አራት ኪሎ ተኩል በዚህ ግምት ውስጥ ሊያጣው ይችላል። ካጣው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አያበላም፤ በዚህም አይፈረድበትም።

ስለዚህ ተንጠልጣይ ሚዛን ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ሊሠራ ይችላል። ገበያው በኪሎ ባይገዛም እንኳ አርቢዎች ከቤት ሳይወጡ መዝነው ቢወርዱ ሲከራከሩ የሚይዙት ነገር ይኖራቸዋል። ገበያው ላይ ሚዛን ተክሎ መሄድ ግን ብዙ ጊዜ ከሽፏል፤ ሚዛኑ ዝጎ ይቀራል፤ ምክንያቱም ነጋዴው ካልፈለገው ማንም አይጠቀምበትም። በኪሎ የሚገዛ ገዢ፣ ለምሳሌ ለቄራ የሚሰበስብ፣ ቀድሞ መገኘት አለበት።

ደላላውን ማጥፋት የሚለው ዘመቻ አይጥመኝም። ደላላ ነጋዴውን ያውቀዋል፣ ሻጩንም ያውቀዋል፤ ፍየሉ የተሰረቀ እንዳልሆነ ዋስ የሚሆነውም እሱ ነው። እሱን ያባረረ ማኅበር ይህን ሁሉ ራሱ መሥራት አለበት። ችግር የሚሆነው ደላላው አንድ ብቻ ሲሆንና ሻጩ ለየብቻው ሲመጣ ነው። ሃያ አባወራ ሠላሳ ወጠጤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕድሜ፣ ቀድሞ በስልክ በተነገረ ቀን ቢያቀርቡ ነጋዴው መኪናውን ይዞ ወደ እነሱ ይመጣል። ሠላሳ ለመሰብሰብ ሦስት ገበያ መዞሩ ይቀርለታል፤ በዚያ ያተረፈው ወጪ ከፊሉ የሚከራከሩበት ዋጋ ነው።

በዚምባብዌ ጓንዳ ወረዳ የሆነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም አርቢዎችን፣ ነጋዴዎችንና የአካባቢውን አስተዳደር አንድ ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ የገበያው ነበር። በየቀበሌው ፍየል በጨረታ የሚሸጥበት ግቢ ተሠራ፤ ገዢዎች በግልጽ ይፎካከሩ ጀመር። ዋጋው ሲሻሻል አርቢዎቹ ማንም ሳይገፋቸው መኖ መግዛትና መድኃኒት መፈለግ ጀመሩ፤ የሚሞተው ፍየልም ቀነሰ። ይህ እኔ ከላይ ካስቀመጥኩት ቅደም ተከተል ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ በከፊል ይጋጫልም። ገዢ አጠገቡ ላለ ቀበሌ ገበያው ይቅደም፤ የሚሸጥ ግልገል ለማይተርፍበት ግን ጨረታ ግቢ ባዶ አጥር ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሁለት ገበያ መኖሩ ነው። የደጋው የበዓል ገበያና ሉካንዳው ሙክት ይወዳሉ፤ የተኮላሸ፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው፣ ስብ የያዘ። ወደ ዱባይና ወደ ሳዑዲ ሥጋውን አቀዝቅዞ በአውሮፕላን የሚልከው ቄራ የሚፈልገው ግን ያልተኮላሸ፣ ስቡ ያነሰ፣ ታርዶ ሥጋው ከዐሥር ኪሎ ብዙ የማያልፍ የቆላ ፍየል ነው። የደጋው ሥጋ ቶሎ ይጠቁርብናል ብለው ላኪዎች ቦረናን፣ አፋርንና ሶማሌን ይመርጣሉ። ስለዚህ ያቤሎ ያለ አርቢ ወጠጤውን አኮላሽቶ ሁለት ዓመት ቢያደልብ ለላኪው የማይሆን ፍየል ነው ያዘጋጀው። ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለው ደግሞ የኤክስፖርት ወሬ ሰምቶ ቀጫጫ ወጠጤ ይዞ ቢቆም ለፋሲካ ማንም አይፈልግለትም።

ውጭ ገበያ ላይ መንጠልጠል የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው፣ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሳዑዲና የመን ውስጥ ሲነሣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን የቁም እንስሳ አገዱ። ሳዑዲ እገዳውን ያነሣችው በ2009 ነው፤ በሶማሊላንድ በርበራ ወደብ የለይቶ ማቆያ ጣቢያ ከተሠራ በኋላ። የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ፍየልና በግ በብዛት የሚወጣው በዚያው ወደብ ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ጅግጅጋና ደገሃቡር ያለው አርቢ ከማያውቀው አገር በተላለፈ ትእዛዝ ገበያውን አጥቶ ቆይቷል። ከፒፒአር መጥፋት ጋር የሚያያዘውም ይኸው ነው፤ ክትባት የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የወደብ በርም ነው።

በነገራችን ላይ ቆዳ። የባቲ ፍየል ቆዳ በስሱነቱና በጥንካሬው በዓለም የታወቀ ነበር። አሁን በበዓል ማግስት አዲስ አበባ ውስጥ ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ይታያል። ዋጋው ወድቋል፤ እከክ ያበላሸው ቆዳም ፋብሪካ ላይ ውድቅ ይሆናል። እከኩን የሚያመጡት ቅማል መሰል የውጭ ጥገኞች ናቸው፤ በመድኃኒት ማጥለቅ ይጠፋሉ። ቆዳው ብር ካላወጣ ግን መድኃኒቱን ማን ይገዛል?

ፍየሉ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ብር

እንግዲህ ያ ያቆየሁት ጥያቄ። ጉረኖ ውስጥ የደለበ ፍየል አለ፤ ፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጅ ታመመ። ሁሉም ትምህርት፣ ሁሉም ክትባት፣ ሁሉም ሚዛን እዚህ ቀን ላይ ነው የሚፈተነው። ሌላ ብር ከሌለ ፍየሉ ነገ ይሸጣል።

ስለዚህ የፍየል ልማት ከፊሉ የፍየል አይደለም። እቁብና እድር ባሉበት አገር አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ ጥቂት ብር እያዋጡ ለሕመምና ለትምህርት ቤት ብድር የሚሰጡበት የቁጠባ ማኅበር የወጠጤውን ዕድሜ ሁለት ወር ያራዝመዋል። ሕመሙ በማኅበሩ ብር ከታለፈ ፍየሉ ለፋሲካ ይደርሳል፣ ብድሩም ከሽያጩ ይመለሳል። ለድርቅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዋስትና ተሞክሯል፦ እ.ኤ.አ. በ2010 በኬንያ ማርሳቢት፣ በ2012 በቦረና በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል የተጀመረው የእንስሳት መድን። ካሣው የሚከፈለው የሞተ ፍየል ታይቶ ሳይሆን የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት ተለክቶ ከተወሰነው ደረጃ ሲያንስ ነው፤ ስለዚህ ለአጭበርባሪ አይመችም፣ አጣሪም አያስፈልግም። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው፤ ሳተላይቱ አረንጓዴ ያየበት ቦታ የእርስዎ ፍየሎች የማይበሉት ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ፍየሉም ይሞታል፣ ካሣም የለም። ቢሆንም አርቢው ድርቁ ሳይጠና ካሣ አግኝቶ መኖ ቢገዛ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት እየነዳ ወርዶ ዋጋውን ከሚጥልበት ግርግር ይድናል።

ብድር የሚሰጡ ተቋማትም አንድ ነገር ቢያስተካክሉ ጥሩ ነበር። ለገበሬ የሚሰጥ ብድር መመለሻው አብዛኛውን ጊዜ ከእህል አጨዳ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። ፍየል ለማድለብ የተበደረች ሴት በዚያ ወር ክፈይ ከተባለች ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ፍየሏ ገና ሳይደርስ መሸጧ ነው። መመለሻው ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ቢሆን፣ ወለዱ ያው ሆኖ ሳለ እዳዋን ከፍላ የሚተርፋት ሌላ ይሆናል።